ስሄድ ነፃ፣ ስመለስ ጥፋተኛ

የሰው መኪና ባለቤቱ ሳያውቅ አስነስቼ ሄጃለሁ። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረኝ በጨለማ 38 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። በመጨረሻም የአንዲት እናትን የቆርቆሮ ሱቅ ደርምሻለሁ። ሁሉም የሆነው በአንድ ሌሊት ነው። ያቺ ሌሊት ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ፍርድ ቤት አመላለሰችኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የማውቃትን ሕግ ያወቅኳት ተከሳሽ ሆኜ ቆሜ ነው። ይህን የምጽፈውም ጭንቅ ይዞት ሕግ የሚጥስ ሰው ነገም እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። እኛ አገር «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባላል። ፍርድ ቤት ስትገባ ግን ቅቤው የማን እንደነበረ፣ ሌላ ማባያ እንደጠፋ፣ ስንት ማንኪያ እንደወሰድክ ትጠየቃለህ። መልሱ ደግሞ ችሎት ላይ አይፈጠርም። እዚያው ጭንቁ ውስጥ ሆነህ ባደረግከውና ባላደረግከው ነገር ነው የሚመለሰው።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። ለልብስ ሰፊ ታኅሣሥ እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ የሚተርተው ደንበኛ ነው፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚሰፋው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ስምንት ወር አልፏት ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው በቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥታ «ይሄ ሆድ አይታመንም፣ ወደ ሆስፒታሉ ጠጋ በሉ፣ የእናቶች ማቆያ ትግባ» ብላናለች። እኔ «ትእዛዞቼን ላስረክብና በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ። ያም ሳምንት መጣ። አሁንም «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ። ይህቺን ቃሌን በኋላ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ገብታ አየኋት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «መብራት አብራ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። አበራሁ። ፍራሹ ደም በደም ሆኗል።

የእኛ ጤና ጣቢያ ቀዶ ጥገና አይሠራም። ሆስፒታሉ 38 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ግማሹ ጠጠር መንገድ ነው። ለአምቡላንሱ ሾፌር ደወልኩ። «ሌላ ወላድ ለማምጣት ወደ ደጋው ወጥቻለሁ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት አልደርስልህም» አለኝ። ባጃጅ ላለው ጎረቤታችን ደወልኩ። «ያንን ዳገት በባጃጅ? ደግሞ እሷን ይዘህ?» አለ፤ ልክ ነበር። በከተማዋ ሌላ መኪና ያለው አንድ ነጋዴ ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ጣቃ ጨርቅ ሒሳብ ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ለእሱ ለመደወል እጄ አልታዘዝ አለኝ። የጎረቤቴ የ15 ዓመት ልጅ «እኔ ልሂድ» ብሎ ሮጠ። አንኳኳ፣ ተጣራ፣ ውሻ ብቻ ጮኸበት። ቤተሰቡ ለለቅሶ ገጠር ወጥቶ ኖሯል። ያ ልጅ በዚያች ሌሊት ያንን በር ባያንኳኳ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

የቀረችው አከራያችን ግቢ የምታድር አንዲት ነጭ ፒክአፕ ናት። ባለቤቷን ጋሼ ነው የምላቸው። አዲስ አበባ ሄደዋል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልካቸው ዝግ ነው። መንዳት እችላለሁ። በጎረምሳነቴ ሦስት ዓመት የአይሱዙ ረዳት ነበርኩ፤ ሾፌሩ ሲደክመው መሪውን ይለቅልኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ ግን አውጥቼ አላውቅም።

ቁልፉ የሚሰቀለው ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ምስማር ላይ ነው። ዘበኛው 70 ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«አደራ እኮ ነው ልጄ፣ ምን ብዬ እሰጥሃለሁ?»

ከኋላዬ የባለቤቴ ሲቃ ይሰማል። ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔ አላየሁም» አሉ። ቁልፉን ከምስማሩ አወረድኩት።

6 ሰዓት ከ35 ላይ ከግቢ ወጣን። 7 ሰዓት ከ50 ላይ ሆስፒታሉ በር ደረስን። 9 ሰዓት ከ20 ላይ ሲስተሯ ከቀዶ ጥገና ክፍል ብቅ ብላ «ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እስከዚህ ድረስ በሕግ ፊት የሚያስቀጣ ነገር አልሠራሁም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ በኋላ ፍርድ ቤቱ ነው ያለው። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደስታ ሲመጣ ነው ያጠፋሁት።

11 ሰዓት ላይ «አማቴን ላምጣት፣ ጋቢ ላምጣ፣ አጥሚት በፔርሙስ ላስይዛት» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከሆስፒታሉ በር ላይ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሚኒባስ አለ። አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ ስላደረ የራሴ መሰለኝ። መስኮቱን ከፍቼ እያንጎራጎርኩ ተመለስኩ። አማቴ ደጅ ላይ መኪናውን ላዞር ወደ ኋላ ስል ከኋላዬ ኳ አለ። የአንዲት እናት ሱቅ። ቆርቆሮው ታጠፈ፣ የዘይት ጀሪካኖች ተንከባለሉ፣ ሳሙናና ብስኩቱ አቧራ ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ወጥታ ራሷን ይዛ ቆመች። ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው። ደነገጥኩ። መኪናውን አማቴ በር ላይ ትቼ፣ አማቴን ይዤ፣ በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ። ጋሼ ጋ መልሼ አልደወልኩም። «ማታ ረጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብዬ ነው። እሳቸው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መኪና የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ዘበኛው ይንተባተባሉ። ምን ያድርጉ? ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ስርቆት ብለው አመለከቱ። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ፖሊሶች ከሆስፒታሉ ኮሪደር ይዘውኝ ወጡ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ፣ ጭንቁ ያለፈበት ደቂቃ ላይ ስልክ አንሱ። «ጋሼ፣ መኪናዎን ሳያውቁ ወስጃለሁ፣ እንዲህ ሆኖብኝ ነው፣ እዚህ ቦታ አቁሜዋለሁ።» አልቀበልም ካሏችሁ በጽሑፍ መልእክት ላኩ። እሱም ካልሆነ ራሳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና አስመዝግቡ። ሌባ የወሰደውን አይናገርም፤ ዳኛም ፖሊስም የሚለዩት አንዱ በዚህ ነው።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው መብቴን ነገረኝ። ዝም ማለት እንደምችል፣ የምናገረው ነገር በማስረጃነት ሊቀርብብኝ እንደሚችል። ይህ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለ ነው። እኔ ጆሮዬ አልሰማም ነበር፤ የማስበው ስለ ሽማግሌው ነው። ቁልፉን ሲወሰድ እያዩ ዝም አሉ ከተባለ እንጀራቸውን ያጣሉ ብዬ ፈራሁ። «ዘበኛው ተኝተው ነበር፣ ቀስ ብዬ ገብቼ ነው የወሰድኩት» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ፈረምኩ።

ለሰው ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ግን ተመልከቱ ምን እንዳደረግኩ። በግልጽ፣ ሰው እያየኝ፣ ምክንያቱን ተናግሬ የወሰድኩትን መኪና፣ በራሴ አንደበት፣ በፊርማዬ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ተደብቆ የተወሰደ አደረግኩት። ከዚህ በላይ ስርቆት የሚመስል ነገር የለም። ልንገራችሁ፣ ዝም ማለት መብት ነው። መዋሸት ግን፣ ለደግ ዓላማም ቢሆን፣ ዙሮ ራሳችሁን ነው የሚያስራችሁ። «ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት፣ ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ብል ኖሮ ማንም አይመታኝም ነበር።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ቀጠሮ ጠየቀ። ሰባት ቀን ተፈቀደለት። ከሰባት ቀን በኋላ በ10,000 ብር ዋስ ወጣሁ። ልጄን ያየኋት የዘጠኝ ቀን ሕፃን ሆና ነው።

እነዚያን ቀናት ማረፊያ ክፍል አብሮኝ የነበረ አንድ ወጣት አይረሳኝም። ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። አለቃው ያልገባ ሲሚንቶ እንደገባ አድርጎ ሞዴል 19 ላይ፣ የንብረት መረከቢያው ቅጽ ላይ፣ እንዲፈርም አዘዘው። «ፈርም፣ አለዚያ ነገ ደብዳቤህን ትወስዳለህ» ብሎታል። ፈረመ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ። ማታ ማታ ጣሪያውን እያየ «ተገድጄ እኮ ነው፣ ተገድጄ» ይላል። እኔም «ተገድጄ ነው» እላለሁ። አንድ ዓይነት ነገር የምንናገር መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓይነት አልነበረም። ይህን የነገረችኝ በኋላ ያገኘኋት ጠበቃ ናት። ሕጉ መገደድን በሁለት ይከፍለዋል። አንድ ሰው እጅህን ጨብጦ በግድ ቢያስፈርምህ፣ ልትቋቋመው በማትችለው የአካል ኃይል ስለሆነ አንተ አትጠየቅም፤ ያስገደደህ ይጠየቃል። ይህ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 71 ነው። ኃይሉ በአካል ሳይሆን በመንፈስህ ላይ ያረፈ፣ ለምሳሌ በሞት ማስፈራራት፣ ሲሆን ደግሞ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልልህ ወይም ጭራሽ ሊተወው ይችላል። ልትቋቋመው የምትችለው ግፊት ከሆነ ግን፣ አንቀጽ 72 ላይ እንዳለው፣ በመርህ ደረጃ ትቀጣለህ። ዳኛው ግፊቱ ምን ያህል እንደነበረ፣ በአንተና ባስገደደህ ሰው መካከል ያለውን የዕድሜ፣ የጉልበትና የጥገኝነት ልዩነት አይቶ ያቀልልህ ይሆናል። ከሥራ እባረራለሁ ብሎ መፍራት ከባድ ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ያውቀዋል። ሕጉ ግን «ደብዳቤህን ወስደህ መውጣት ትችል ነበር» ይልሃል። አለቃውም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ያንተን ፊርማ ግን አይፍቅልህም።

ያ ልጅ አንድ ነገር ቢያደርግ ይጠቅመው ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ፣ እዚያው ሳምንት፣ ለአንድ ሰው መናገር። ለኦዲት፣ ለፀረ ሙስና፣ ለሚያምነው ኃላፊ። ወይም «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት። ትእዛዙን በደብዳቤ የሚሰጥ አጭበርባሪ አላየሁም፤ ጥያቄዋ ብቻዋን ታስደነግጣለች። አራተኛው ፊርማ ላይ «ተገደድኩ» ሲባል ግን የሚያምን ጆሮ ይጠፋል። ከወጣሁ በኋላ አልተገናኘንም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጠበቃ መክፈል አልችልም ነበር። ሰው ጠቁሞኝ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ከፍቶት ወደነበረ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ሄድኩ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ አካባቢ ከሆናችሁ ጠይቁ። እዚያ ያገኘኋት ጠበቃ ወጣት ናት፤ ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው። ታሪኬን ለግማሽ ሰዓት አለቀስኩባት። ዝም ብላ ሰማችኝና ወረቀት አውጥታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

«አሁን ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ» አለች።

6 ሰዓት ደም። 6 ሰዓት ከ10 አምቡላንስ። ከዚያ ባጃጅ። ልጁ ሮጠ። ጋሼ ጋ ሦስት ጥሪ። 6 ሰዓት ከ35 ጉዞ። መስመሩ ላይ እየቆነጠረች ጻፈችው። 9 ሰዓት ከ20 ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«እዚህ ጋ አደጋው አለቀ» አለች። «11 ሰዓት ላይ ለምን ነዳህ?»

መልስ አልነበረኝም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ ገልጣ አንቀጽ 75ን አሳየችኝ። በእኔ አባባል ልንገራችሁ። አንተን ወይም ሌላ ሰውን ከቅርብና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብለህ ያደረግከው ነገር አያስቀጣህም፤ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ከነበረ፣ የተጠቀምክበትም መንገድ ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ። ሕይወትና ጤና መጠበቅ ሙያዊ ግዴታው የሆነ ሰው ግን በዚህ አንቀጽ መከራከር አይችልም። የሚቀጥለው 76 በሩን ያጠበዋል። ከልክ ካለፍክ፣ ወይም አደጋው ውስጥ የገባኸው በራስህ ጥፋት ከሆነ፣ ቅጣትህ ይቀልልሃል እንጂ እንደ 75ቱ ነፃ አትወጣም።

«አየህ» አለችኝ፣ «ማዘናቸው ላይ አንተማመን። ሁሉም ያዝንልሃል፣ ዐቃቤ ሕጉም ጭምር። ጥያቄው ሌላ መንገድ ነበር ወይ ነው። እሱን በሰውና በወረቀት ነው የምንመልሰው።»

ወረቀት ፍለጋ ጀመርኩ። ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ያለፈ ነገር ሲሰነብት ይጠፋል። ስልኬ ላይ የጥሪዎቹ ዝርዝር አሁንም ነበር፤ ፎቶ አነሳሁት፣ በኋላ ፍርድ ቤቱ ከቴሌ በትእዛዝ አስመጣው። ከሆስፒታሉ የገባችበትን ሰዓት፣ ሁኔታዋንና የተደረገላትን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ በማኅተም አወጣሁ። እዚያ ወረቀት ላይ «በከፍተኛ የደም መፍሰስ» የሚል መስመር አለ። ያቺ መስመር ከእኔ እንባ ትበልጣለች። የአምቡላንሱ ሾፌር፣ ባለባጃጁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ለመመስከር ተስማሙ። ሽማግሌው ዘበኛ ጋ ስሄድ ግን እግሬ ከበደኝ። ስለ እሳቸው የዋሸሁትን ነገርኳቸው። ሳቁ። «አንተ ሞኝ፣ ተኝቶ ነበር ያልከው እኮ ነው የሚያስባርረኝ! ዘበኛ ሲተኛ ነው የሚባረረው» አሉኝ።

ክሱ ሲነበብ «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንዱ ደንግጦ «አዎ አድርጌያለሁ» ይልና ያምናል። ሌላው ጭራሽ «መኪናውን አላየሁትም» ብሎ ይክዳል። ሁለቱም አንቀጽ 75ን ይቀብራሉ። ያላደረግከውን ነገር ተገድጄ ነው ያደረግኩት ማለት አትችልማ። እኔ ያልኩት ጠበቃዬ እንዳለማመደችኝ ነው፦ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፤ ባለቤቴን ከሞት ለማዳን ስለሆነ ጥፋተኛ አይደለሁም።» ከዚያ ደግሞ በራሷ ምክር አንድ ነገር ጨመርኩ። «ጠዋት የተመለስኩበትን ግን አልከራከርበትም፤ እሱ ጥፋቴ ነው።» መጀመሪያ ስትነግረኝ አብጃለሁ ወይ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያዳነችኝ እዚያ ላይ ነው። የማይታመነውን ስላልተከራከርኩ የሚታመነው ታመነልኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን አሰማ። ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» አለኝ። መከላከያ ቀን ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ቦታ ላይ ያዘኝ። አንደኛው ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ነው። «ዘበኛው ተኝተው ነበር ብለሃል፤ ዛሬ ነቅተው ነበር ትላለህ። የቱን እንመን?» አለ። «ያኔ ዋሽቻለሁ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር የከበደኝ የለም። ሁለተኛው ያቺ «በሚቀጥለው ሳምንት» ናት። የጤና ባለሙያ ሁለት ጊዜ መክራኝ፣ የእናቶች ማቆያ እያለ፣ ለቀሚስ ትእዛዝ ብዬ አስቀርቻት ኖሮ፣ አደጋውን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ አለ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ማታ ማታ ራሴን የምከስበት ነገር ነበር፤ እሱ በማይክሮፎን ተናገረው።

ሽማግሌው መሰከሩ። ዳኛው «አባት፣ ለምን አልከለከሉትም?» አሏቸው። «እንዴት አድርጌ ክቡር ዳኛ? ሴትዮዋ ትሰማኛለች እኮ» አሉ። ችሎቱ ፀጥ አለ።

ከዚያ ዳኛው ወደ እኔ ዞረው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ባለቤትህ ከቀዶ ጥገና የወጣችው ስንት ሰዓት ነው?»

«9 ሰዓት ከ20፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ጻፉት።

ፍርዱ ሲነበብ ያቺ ሌሊት ለሁለት ተከፈለች። መኪናውን የወሰድኩበትና ወደ ሆስፒታል የነዳሁበት፣ ሌላ መንገድ ስላልነበረ፣ በአንቀጽ 75 መሠረት አያስቀጣም ተባለ። የማቆያው ነገር ቸልተኝነት ቢሆንም ያንን ድንገተኛ ደም መፍሰስ እኔ አመጣሁት አያሰኝም፣ አደጋ ላይ የነበረው ሕይወትም የእኔ ሳይሆን የእናትና የልጅ ነው ተባለ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ያለ መንጃ ፈቃድ የነዳሁት ግን ያስቀጣል፤ ያኔ የሚያስገድድ ነገር አልነበረምና። የገንዘብ መቀጮ ተወሰነብኝ። የአንድ ጥምቀት ገቢዬ ነው የሄደው።

ነፃ ተባልኩ ብላችሁ ዕዳውም የሚቀር እንዳይመስላችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ነፃ ማለቱ የካሳውን ዳኛ አያስረውም። ጠበቃዬ ይህን ቀድማ ነግራኝ ስለነበር ፍርዱን አልጠበቅኩም። ገና በዋስ እንደወጣሁ ሽማግሌ ይዤ ባለሱቋ ጋ ሄድኩ። 14,000 ብር በሦስት ዙር ከፈልኳት፤ ለልጆቿም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋሁ። ጋሼ ለተጣመመው የኋላ መከላከያ ያወጡትን ብቻ ተቀበሉኝ። እንደ ድሮው ግን አይደለንም። ሰላም እንባባላለን፣ ቁልፉን ግን ምስማሩ ላይ አይሰቅሉም። አይፈረድባቸውም።

የመጨረሻ ነገር፣ የፍርዱን ግልባጭ በማኅተም አውጡ። «ሰርቆ ተይዞ ነበር» የሚለው ወሬ ከፍርዱ በላይ ዕድሜ አለው። እኔን ራሴን መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ አንዱ የማውቀው ሰው «አንተማ መዝገብ አለብህ» ብሎኛል። አወጣሁና አሳየሁት፣ እዚያው ቆሞ ገጽ በገጽ አነበበው። መንጃ ፈቃዱን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግልባጩን ያስቀመጥኩት ከሆስፒታሉ ወረቀትና ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ፣ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።